በባዶ ቆሻሻ መጣያ ለተሸለሙት ርዕሰ መምህር

ይድረስ ለተከበሩ፣ ለምድራችን ተቆርቋሪ፣ ለአየሩ ጠባቂ፣ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤

ጉዳዩ፦ ስለማይከፈተው ምሳ ዕቃ እና ከትምህርት ገበታ ስለታገደችው የአራተኛ ክፍል ተማሪ

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የተደረደሩት አበቦች ሁሉ ደህና ናቸው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ደም ግፊትዎስ? ከሁሉም በላይ የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ያጓጓኛል፤ ምሳዎን በሰዓቱ ይበላሉ? የቀረበልዎን የሚከፍትልዎ ሰውስ አጠገብዎ አለ? ካለ ተመስገን ነው፤ ከሌለም አይጨነቁ፣ የረሀብን ነገር ከዚህ በታች አብራርቼ ስለምጽፍልዎ እስከዚያው በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

እኔ ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ ከፋርማሲው አጠገብ ያለችው የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ፤ ልጄም እርስዎ ዘንድ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ፀጉር ሠሪ አፏ አያርፍም ይባላል፤ እውነት ነው፣ አፋችንም እጃችንም አያርፍም፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ረዘም ቢልብዎ ሙያዬን ይውቀሱልኝ። በአደባባይ የጻፍኩትም ነገር ፍለጋ አይደለም። ከዚህ ቀደም ሽርጤን አውልቄ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ በአካል ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ሆኖም በቢሮዎ በር የገባ ቃል ሲወጣ ሌላ መልክ ይዞ እንደሚወጣ በዓይኔ በብረቱ ስላየሁ፣ ይኸኛው ሰው ሁሉ እያየው ይግባ ብዬ አንዱን ቅጂ በፀጉር ቤቴ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት የምታነበው ነገር ትወዳለች።

አስቀድሜ አንድ ማረጋገጫ ልስጥዎ፤ ምድርን የምጠላ ሴት አይደለሁም። ጠልቼስ የት እሄዳለሁ? በዓመቱ መጀመሪያ «ከእንግዲህ በፌስታልና በፕላስቲክ የተቋጠረ ምሳ ወደ ግቢያችን አይገባም፤ ልጆቻችን ደጋግመው በሚያገለግሉና አካባቢን በማይጎዱ ዕቃዎች ብቻ ይመገባሉ» የሚለው ማስታወቂያዎ ሲደርሰኝ፣ እሰይ፣ አበጁ፣ እንዲህ ነው እንጂ እያልኩ ለደንበኞቼ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከፀጉር ቤቴ ጀርባ ያለው ቦይ በፌስታል ተደፍኖ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው ወንበር ሥር የሚገባብኝ ሴት ይህን ካልደገፍኩ ማን ሊደግፈው ነው? የሻምፖ ጀሪካኖቼን እንኳ አጥቤ ውሃ የማጠራቅምባቸው እኔ፣ «ይቺ ሴትዮ ነገሩ አልገባትም» ተብዬ በዋዛ እንዳልታለፍ አደራ። በደንብ ገብቶኛል። ያልገባው ምግቡ ነው፣ ወደ ልጄ ሆድ።

ማስታወቂያዎን በቁጥር ከፋፍለው መጻፍ ስለሚወዱ፣ ደስ እንዲልዎ እኔም አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ቢጫው ምሳ ዕቃ። ይህ ዕቃ መጀመሪያ የእህቴ ልጅ ነበር፤ እሱ ሲያድግ ለትልቁ ልጄ ተላለፈ፤ ትልቁ ልጄ ጢም ጢም ሲለው ለታናሽ እህቱ ደረሳት። ጠርዙ በጥርስ ተነክሷል፣ ሥዕሉ ታጥቦ አልቋል፣ ክዳኑ ግን በአንድ ጣት ይነሳል። ደጋግሞ የሚያገለግል ዕቃ ማለት ይህ ካልሆነ የትኛው እንደሆነ ሊቃውንቱ ይንገሩኝ። እርስዎ ግን «ፕላስቲክ ነው» ብለው በር ላይ አስነጠቋት፤ የእሷንም የጓደኞቿንም ከግንቡ ሥር አስከመሩት፤ ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ የቆሻሻ መኪና መጣና ጭኖት ሄደ። ምድርን ከፕላስቲክ ለማዳን ሲሉ የአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ደህና ፕላስቲክ በአንድ ጠዋት ምድር ላይ ላስደፉበት ጥበብ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ እኔማ ብሆን እንዲህ ያለው ሐሳብ በሕልሜም አይመጣልኝም።

በምትኩ እንድንገዛ የታዘዝነው ከቢሮዎ ጎን ባለችው ክፍል ብቻ የሚገኘውን የማይዝግ ብረት ምሳ ዕቃ ነው። ያማረ ነው፣ አልዋሽም፤ ፊት ያሳያል። እቤት ወስጄ ስፈታው ግን ካርቶኑ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ካርቶኑ ውስጥ ስፖንጅ፣ ስፖንጁ ውስጥ ደግሞ ዕቃው ሌላ ላስቲክ ለብሶ ተኝቷል፤ ክዳኑና ማንኪያው ሳይቀሩ የየራሳቸው ፌስታል አላቸው። ትልቁ ልጄ ከወለል ላይ ሰብስቦ ሲያስረው አንድ ትራስ የሚሞላ ሆነ። አካባቢን ስለማይጎዳው ዕቃ በዚህ አበቃሁ፤ ስለ ፌስታሉ የት እንደምጥለው መመሪያ ቢልኩልኝ ግን እጠቀምበታለሁ።

ሁለተኛ። ክዳኑ። ዕቃው ወጥ እንዳያፈስ ዙሪያውን ጎማ አለው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት መቆለፊያ። ቀኑን ሙሉ ፀጉር ስጎትትና በቢጎዲን ስጠቀልል የምውል፣ በጣቶቼ እንጀራ የምበላ ሴት ነኝ፤ መጀመሪያ ቀን ስሞክረው ጥፍሬ ተገነጠለ። ትኩስ ሩዝ ከገባበትማ ሲበርድ ክዳኑን ወደ ውስጥ ይስበውና ጭራሽ እምቢኝ ይላል፤ ባለቤቴ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ ነው የከፈተው። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን እንዴት ትችላለች ብዬ ስጨነቅ፣ ሞግዚቶቹ ይከፍቱላት የለ እንዴ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የዋህ ነኝ ለካ! በማስታወቂያዎ ሁለተኛ ገጽ ላይ «ተማሪዎች ራሳቸውን እንዲችሉ ሲባል ሞግዚቶች የልጆችን ምሳ ዕቃ እንዳይከፍቱ ተከልክሏል» የሚል ወርቃማ ቃል ሰፍሮ ኖሯል። እንዴት ያለ አርቆ አሳቢነት ነው! ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት መምህራን በሰሌዳ ላይ ጽፈው ከማስረዳት ይልቅ፣ ልጆቹ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንዲማሩት አደረጉ። ሞግዚቶቹም ጎበዞች ናቸው፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ልጅ ሲታገል ያያሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ፀጉሯን ልትሠራ መጥታ «እትዬ፣ ከከፈትኩ ከሥራ እወጣለሁ፣ ሳልከፍት ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ» ብላኝ ወንበሬ ላይ አልቅሳለች።

እንግዲህ ልጄ መክሳት ጀመረች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳታወርድ ወደ ማዕድ ቤት ትሮጣለች። ምሳ ዕቃዋ ግን ግማሽ ሆኖ፣ አንዳንዴም ሙሉውን ይመለሳል። ምን ሆንሽ ስላት ምንም። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ደሟን በመርፌ ቀዱ፣ ሰገራዋን መረመሩ፣ ምንም አላገኙም፤ ለማንኛውም ብለው የትል መድኃኒት ሰጧት፣ ምስኪን ዋጠችው። እኔ የማላስበው በሽታ አልነበረም። እናት ነኝና ከክፉው ነው የምጀምረው።

ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ የተቀቀለ እንቁላል ሰጠኋት። ከመቅመሷ በፊት ለሁለት ከፈለችና አስኳል የበዛበትን ግማሽ ወደ ሳህኗ ጠርዝ ገፋ አድርጋ የቀረውን መብላት ጀመረች። ያኛውስ ብላት «እሱ የመክፈቻ ነው» አለችኝ፤ እንደ ቀላል ነገር፣ እንደማውቀው ነገር።

ሦስተኛ። መክፈቻ። መክፈቻ ዕቃ አይደለችም፣ ሰው ናት፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ። ልጄ ያን ማታ እንደነገረችኝ፣ ትንንሾቹ ያወጡላት ስም ነው፤ እውነተኛ ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ እርስዎ በድምፅ ማጉያ በበቂ አንስተውታል። የምሳ ደወል ሲደወል ትንንሾቹ ምሳ ዕቃቸውን ታቅፈው ተሰልፈው ይሄዱላታል፤ እሷም በአውራ ጣቷ ጎማውን ገፋ አድርጋ ጧ ታደርገዋለች። ከእናቷ ጋር ጆንያ ስትቋጥርና ስትፈታ ያደገች ስለሆነች ጣቷ ብርቱ ነው። ከፓስታውም፣ ከድንቹም፣ ከእንቁላሉም እንደ ክዳኑ ጥብቀት ከአንድ ጉርሻ እስከ ግማሽ ትወስዳለች። ዘግይቶ የተከፈተለት ልጅ ምሳውን ሳይጨርስ፣ ሰልፉ ሳያልቅ የመውጫ ደወል የደረሰበት ደግሞ እንደታሸገ ይዞ ወደ ክፍል ይመለሳል። በማግስቱ ይህንን ካስክ ሥር ላሉት እናቶች ባወራ ጉድ ፈላ፤ አንዷ ልጇን ለዓይን ምርመራ፣ ሌላዋ ለሆድ፣ ሌላዋ ለጸሎት አመላልሳ ኖሯል፤ የሁሉም ልጅ በሽታ አንድ ክዳን ነው።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ይቺ ምን ያለች ቀማኛ ናት፣ ሄጄ ጆሮዋን ነው የምይዛት ብዬ ተነስቼ ነበር። ኋላ ግን እናቷን አገኘኋት፤ ለካ ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት አትክልት የምትቸረችረው ሴት ናት፣ በየጠዋቱ ሰላም የምንባባለው። ያቺ ሴት ለብረቱ ዕቃ አቅሟ አልደረሰም። በየጠዋቱ የልጇን ምሳ በባዶ የማርማላታ ባልዲ አድርጋ፣ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጣታለች፤ ዘበኛው «ያልተፈቀደ ዕቃ ነው» ብሎ በር ላይ ይቀበላትና መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ማታ ስትወጣ በክብር ይመልስላታል። መደርደሪያው ላይ ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ ያርፍበታል። ልጅቱ የጎመዘዘውን ምግብ መንገድ ላይ ትደፋና ባልዲውን አለቅልቃ ለእናቷ ትመልሳለች፣ እናቷ እንዳታዝን። ደጋግሞ የሚያገለግል ዕቃ አምጡ ብለው፣ የማርማላታ ባልዲ አጥባ ስንት ጊዜ የምትጠቀምን ሴት በር ላይ መለሷት።

እስቲ ቁጭ ብለን እናስበው። ምሳ ያላቸው መክፈት አይችሉም፤ መክፈት የምትችለው ምሳ የላትም። ይህን ያቀናጁት እርስዎ ነዎት፣ በማኅተም። ልጆቹ ግን ያለ ስብሰባና ያለ ማስታወቂያ መላ ፈጠሩለት፤ ደካማ መላ ነው፣ ግማሽ ሆድ የሚያስተኛ መላ ነው፣ ቢሆንም ሁሉም ከምንም የተሻለ ይቀምሱበት ነበር።

ይህንኑ ይዤ ነው ቢሮዎ የመጣሁት። ያልኩዎትም ግልጽ ነበር፤ ክዳኑ ለልጅ አይከፈትም፣ ሞግዚቶቹ ይክፈቱላቸው፣ ያቺም ልጅ ከእናቷ እጅ የመጣውን ምሳዋን ትብላ ነው ያልኩት። እስክሪብቶዎን እያሽከረከሩ በትህትና አዳመጡኝ፤ «እርምጃ እንወስዳለን፣ እርስዎን የመሰለ ንቁ ወላጅ ያብዛልን» ብለው እስከ በሩ ሸኙኝ። እኔም ሞኟ፣ መልካም ሰው ናቸው ብዬ ማታ ለባለቤቴ አወራሁለት።

አራተኛ። የወላጆች ስብሰባ። መድረኩ ላይ ከጀርባዎ «ከቆሻሻ የጸዳ ትምህርት ቤት» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰቅሎ ነበር፤ ከጎኑም እርስዎ ባዶ ቆሻሻ መጣያ አቅፈው የተነሱት ፎቶ። የምሳ አዳራሹ ቆሻሻ መጣያ ዓመቱን ሙሉ ፍርፋሪ አይቶ እንደማያውቅ አበሰሩን። ፍርፋሪ ከየት ይምጣ፣ ጌታዬ? ያልተከፈተ ምሳ ፍርፋሪ የለውም፤ ያልበላ ልጅ አያዝረከርክም። ሌላው ትምህርት ቤት ቆሻሻ የሚያወጣው ልጆቹ ስለሚበሉ ነው፤ ይህን ነውር ከግቢያችን ስላስወገዱልን ክብርና ምስጋና ይግባዎ።

ከኋላ የተቀመጠች እናት ስለ ክዳኑ ስትጠይቅ ደግሞ አንድ ምሳ ዕቃ ከጠረጴዛው አንስተው፣ ባዶና ደረቅ የሆነውን ዕቃ፣ በሁላችንም ፊት በቀላሉ ከፈቱት። አዳራሹ አጨበጨበ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ ሰው የአንደኛ ክፍል ምሳ ዕቃ ሲከፍቱ አይተን አጨበጨብን! በዚያው ጭብጨባ ላይ «በአንዲት ንቁ ወላጅ ጥቆማ መሠረት፣ ከታናናሾቿ ምግብ ስትቀማ የተገኘች ተማሪ ላልተወሰነ ጊዜ ከትምህርት ታግዳለች» ብለው ስሟን ጠሩና ወደ እኔ ፈገግ አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አትክልት ቸርቻሪዋ ከእኔ ሁለት ወንበር ዝቅ ብላ ነበር የተቀመጠችው፤ ዞራ አየችኝ፤ ያን አስተያየት እርስዎ አላዩትም፣ እኔ ግን እስከዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

ያቺ «ንቁ ወላጅ» እኔ ነኝ። ስለ ክዳን ልነግርዎ መጣሁ፤ እርስዎ ክዳኑን ትተው የልጅ አንገት ያዙ፣ ምስክሩንም እኔን አደረጉ። ስለዚህ በስሜ የተሠራውን ቃል እዚህ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ እምቢ እላለሁ። ያቺ ልጅ ከልጄ ምንም አልቀማችም። በግቢዎ ውስጥ ልጄን ያበላቻት ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት። ርዕሰ መምህሩ፣ ምክትላቸው፣ ሞግዚቶቹና ዘበኛው ተደምረው ያላደረጉትን አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ በባዶ ሆዷ ስታደርገው ነበር። እሷ ከታገደች ወዲህ የልጄ ምሳ ዕቃ አንድም ፍሬ ሩዝ ሳይነካ ይመለሳል፤ ቆሻሻ መጣያዎ ግን ከቀድሞው የበለጠ ንጹሕ ሆኖልዎታል፣ እንኳን ደስ ያለዎት።

አሁን የምጠይቀውን በለሆሳስ ልጠይቅ፣ ቁጣዬ ሳይቀድመኝ። ልጅቱ ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ክፍሏ ትመለስ፤ ስሟን ባነሱበት አዳራሽ፣ በዚያው በድምፅ ማጉያው፣ እናቷ ተቀምጣ እየሰማች ስሟ ይመለስላት። ሞግዚቶቹ እጃቸውን ከኪሳቸው ያውጡ። ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል ዕቃ ሁሉ፣ ባልዲም ይሁን ጣሳ፣ ምግብ ይዞ እስከመጣ ድረስ በበሩ ይግባ፤ ምድር የምትድነው ያለው ዕቃ ደጋግሞ ሲያገለግል እንጂ በየዓመቱ አዲስ ሲገዛ አይመስለኝም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን፤ እርስዎ አስቀድመው ጠምጥመዋል፣ ለመማር ግን ጊዜው አልረፈደም።

ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ፀጉር ቤቴን እዘጋለሁ። ብቻዬን አልመጣም፤ ካስክ ሥር የተቀመጡት ሁሉ፣ አንዳንዶቹም ቢጎዲናቸውን ሳይፈቱ፣ አብረውኝ ይመጣሉ። በርዎ ላይ እጃችንን ታጥበን ቆመን ክዳን እንከፍታለን። ዘበኛው ሊያስቆመን ቢፈልግ ጣት ያልተፈቀደ ዕቃ ነው የሚል ማስታወቂያ አስቀድመው ያውጡለት።

ፈጣሪ የጣትዎን ብርታት ይጠብቅልዎ፤ ከፊትዎ የሚቀርብ ክዳን ሁሉ እሺ ይበልዎ፤ ምሳዎ ሳይበርድ፣ ማንም በር ላይ ሳያስቀርብዎ፣ ከእጅዎ ወደ አፍዎ ይድረስልዎ እያልኩ፣ ለሽልማትዎ ያለኝን አክብሮት ልክ እንደ ቆሻሻ መጣያዎ ጥልቀት እየገለጽኩ እሰናበታለሁ።

የአንደኛ ክፍል ተማሪዋ እናት፣
ከፋርማሲው አጠገብ ያለችው ፀጉር ሠሪ

ግልባጭ፦
ለምሳ ሰዓት ሞግዚቶች፣ ከነኪሳቸው
ለበሩ ዘበኛና ፀሐይ ለሚያርፍበት መደርደሪያቸው
ለቆሻሻ መጣያው፣ የሽልማቱ እኩል ተካፋይ ስለሆነ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ቢሮዎ ያልኩትን ለእናቷ ካስረዳኋት በኋላ፣ ልጅቱ የምትውለው እኔ ጋ ነው፤ እናቷ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ስለምትቸረችር ደብተሯን ይዛ ከመስታወቱ ሥር ትቀመጥና ስትሰለች ፎጣ ታጥፍልኛለች። ትናንት በምሳ ሰዓት ሩዝና እንቁላል በሳህን አቀረብኩላት፤ ክዳን የሌለው ተራ ሳህን ነው። ማንኪያውን አላነሳችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ዙሪያዋን ዞር ዞር ብላ አይታ «እትዬ፣ ምን ልክፈት?» አለችኝ። እርስዎ የተማሩ ነዎትና መልሱን በሚቀጥለው ማስታወቂያዎ ይላኩልን።